የማይድን በሽተኛ የት ይተኛ? ከዴንቨር ሳናቶሪየም እስከ ኦሮራ ጽኑ ሕሙማን ክፍል

እ.ኤ.አ. በ1899 በአሜሪካ ዴንቨር ከተማ የተከፈተው ናሽናል ጁዊሽ ሆስፒታል የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማንን ገንዘብ አይጠይቅም ነበር። የሚጠይቀው የመዳን ተስፋ ነው። በሽታው ገና ሲጀምረው የደረሰ ይገባል፤ የጠናበት ይመለሳል። ደንቡን የወለደው ጭካኔ አልነበረም። ለነቀርሳ መድኃኒት ባልተገኘበት ዘመን ሐኪሙ በእጁ ያለው ደረቅ የተራራ አየር፣ ዕረፍትና ምግብ ብቻ ነው፤ አልጋው ጥቂት ነው፤ ለጋሹም ድኖ የወጣ ሰው ማየት ይፈልጋል። ሆኖም ደም እየተፋ በባቡር የመጣ ስደተኛ በሩ ሲዘጋበት መድረሻ ያጣል። የከተማዋ ታሪክ የሚያሳየው፣ የሚሞተውን ሰው ከሕክምና ያስወጣው የሐኪሞች ዕውቀት ሳይሆን የአልጋ ድልድል መሆኑን ነው። ድልድል ደግሞ ይለወጣል።

ለመለወጥም 5 ዓመት ብቻ ፈጀበት። በ1904 ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ አይሁድ ስደተኞች ከሩሲያ ተወላጁ ሐኪም ቻርልስ ስፒቫክ ጋር ሆነው ማኅበር አቋቋሙና ከዴንቨር በስተምዕራብ ሳናቶሪየም ከፈቱ። በሽታው የጠናበትም ያልጠናበትም በነፃ ይገባ ነበር። አቅማቸው ትንሽ ስለነበር ሕሙማኑ መጀመሪያ ላይ የተኙት በድንኳን ነው። የሚሞቱትን መቀበሉ ግን ቤቱን ከማከም አላገደውም፤ ነቀርሳን ለ50 ዓመት ሲያክም ቆይቶ በ1954 ወደ ካንሰር ሕክምናና ምርምር ዞረ። ከዴንቨር በስተምሥራቅ፣ ኦሮራ በተባለች ከተማ፣ ጦር ሠራዊቱ በ1918 ነቀርሳና መርዝ ጋዝ ሳንባቸውን ለጎዳቸው ወታደሮች ሆስፒታል ከፈተ። በኋላ ፊትዝሲሞንስ የተባለው የዚህ ሆስፒታል ግቢ ዛሬ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የአንሹትዝ ሕክምና ግቢ ነው።

ጽኑ ሕሙማን ክፍል ሲመጣ ችግሩ መልኩን ቀየረ። በ1952 ኮፐንሃገንን ያስጨነቀው ፖሊዮ የወለደው ይህ ክፍል የጠናበትን ሰው አይመልስም፤ እንዲያውም የሚፈልገው እሱን ነው። መሞቱን ግን ማንም በግልጽ አያነሳም። የአእምሮ ሐኪሟ ኤሊዛቤት ኩብለር ሮስ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በዚሁ በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ሳለች፣ ልትሞት የተቃረበች ወጣት በተማሪዎች ፊት ስለ ራሷ እንድትናገር ያደረገችው ይህን ዝምታ ለመስበር ነበር። ዝምታው ግን ቀላል አልነበረም። በ1995 የታተመ የ5 የአሜሪካ ሆስፒታሎች ጥናት ከሞቱት ሕሙማን 38 በመቶው ቢያንስ 10 ቀን በጽኑ ሕሙማን ክፍል መቆየታቸውን፣ ራሳቸውን ያውቁ ከነበሩት ግማሽ ያህሉም በመጨረሻ ቀኖቻቸው ከመካከለኛ እስከ ከባድ በሆነ ሕመም መሰቃየታቸውን ከቤተሰብ ሰምቶ መዘገበ።

«ክፍሉ የተሠራው ለማዳን ነው፤ ማስታገሻ ሕክምና ቦታው ሌላ ነው» የሚል ክርክር አለ። ክርክሩ የ1899ን ደንብ ይመስላል፤ ይሁንና ያኔ የነበረው ምክንያት እንኳ ዛሬ የለውም። ቬንቲሌተር የተገጠመለት ሰው ይትረፍ አይትረፍ በገባበት ቀን አይታወቅም፤ ስለዚህ ሕመሙን ማስታገስና ቤተሰቡን ማነጋገር ተስፋ እስኪቆረጥ የሚጠብቅ ሳይሆን ከሕክምናው ጎን ለጎን የሚሄድ ሥራ ነው። እንዲህ ያለው ንግግር ቤተሰቡን ይሰብራል ለሚልም መልስ አለ። በ2007 የታተመ የ22 የፈረንሳይ ጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ጥናት ውይይቱ ከ20 ወደ 30 ደቂቃ ሲረዝም፣ ቤተሰቡም ከ5 ይልቅ 14 ደቂቃ ሲናገር፣ ከ3 ወር በኋላ ጭንቀቱና ድብርቱ ቀሎ እንደተገኘ አሳይቷል።

ከእኛ ከኢትዮጵያውያን ወገን የሚነሳው ተቃውሞ ግን ይከብዳል፦ ክፉ ዜና ፊት ለፊት አይነገርም። የውብዳር በየነ በ1992 አሜሪካ ስላሉ ኢትዮጵያውያን ሕሙማን ያሳተመችው ጽሑፍ ለዚህ ይረዳል። ልማዱ ዜናው ለማን፣ መቼና በማን እንደሚነገር ይወስናል፤ መጀመሪያ የሚሰማው ቤተሰብ ወይም የቅርብ ወዳጅ ነው። መርዶም ሲነገር በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ ነው። እንግሊዝኛ ስለምትችል ብቻ ለአባቷ የመጨረሻውን ዜና እንድታስተረጉም የተገደደች ልጅ መርዶ ነጋሪም ሐዘንተኛም ትሆናለች፤ ይህ በየትኛውም ወግ ነውር ነው። ስለዚህ በኦሮራ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚያሻው የሠለጠነ አስተርጓሚ መጥራት፣ በሽተኛው ራሱን በሚያውቅበት ጊዜ ምን ያህል መስማት እንደሚፈልግና ማን ስለ እሱ እንዲወስን እንደሚሻ መጠየቅ፣ ከዚያም የቤተሰቡን ታላቅ አስቀምጦ መነጋገር ነው። የ1904ቱ ስደተኞች በድንኳን የጀመሩትን ለመቀጠል አዲስ መሣሪያ አያስፈልግም፤ የሚጎድለው በሥራ ሰዓት ውስጥ ለዚህ ንግግር የተመደበ ጊዜ ነው።