ሕጉ ሌላ፣ ወሬው ሌላ፤ የአሜሪካ የጠመንጃ ሕግና ያስነሣው ቁጣ

በራዲዮ የሰማችሁት ንግግር ይኸው በጽሑፍ ቀርቦላችኋል። ቀስ እያላችሁ አንብቡት። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የዛሬው ታሪክ የአሜሪካ ነው። ነገሩም የጠመንጃ ነገር ነው። ጠመንጃ ለብዙዎቻችሁ እንግዳ አይደለም። ከአያት ለአባት፣ ከአባት ለልጅ የተላለፈ ጠመንጃ በምሰሶው ላይ ተሰቅሎ እያየ ያደገ ሰው፣ «መንግሥት መሣሪያህን ሊወስድብህ ነው» ሲሉት ልቡ ምን እንደሚል ያውቀዋል። በአሜሪካም እንዲህ የሚደነግጥ ሰው ሞልቷል።

ምክንያቱ የቆየ ነው። በ1775 አሜሪካኖች በእንግሊዝ ንጉሥ ሥር ነበሩ። ኤፕሪል 19 ቀን የእንግሊዝ ወታደሮች ኮንኮርድ በምትባል መንደር የተከማቸውን ባሩድና መሣሪያ ሊወስዱ ወጡ። የአገሩ ሰዎች ጠመንጃቸውን ይዘው ገጠሟቸው። የነፃነቱ ጦርነት የተጀመረው በዚያ ቀን ነው። በኋላም፣ በ1791፣ ሕዝቡ መሣሪያ የመያዝ መብቱ እንዳይነካ የሚል አንቀጽ በሕገ መንግሥታቸው ላይ ተጨመረ። ኤፕሪል 19 የሚለውን ቀን ያዙልኝ፤ ተመልሶ ይመጣል።

አሁን ወደ ቅርቡ ዘመን እንምጣ። በ1981 ፕሬዚዳንት ሬገንን ሊገድል የሞከረ ሰው የፕሬዚዳንቱን ቃል አቀባይ ጄምስ ብሬዲን ጭንቅላቱን መትቶ አካለ ስንኩል አደረገው። ብሬዲና ባለቤቱ ለዓመታት ደከሙ። በ1993 በብሬዲ ስም የተጠራ ሕግ ወጣ። ሕጉ ምን ይል ነበር? ከነጋዴ ሽጉጥ የሚገዛ ሰው አምስት የሥራ ቀን ይጠብቅ፤ በዚያ መሐል ወንጀል የሌለበት መሆኑ ይጣራ ይል ነበር። በ1994 ደግሞ ሌላ ሕግ ወጣ። ይህኛው የጦር ሜዳ መሣሪያ የሚመስሉ 19 ዓይነት ጠመንጃዎችና ከ10 ጥይት በላይ የሚይዝ ካዝና ለሕዝብ ተሠርቶ እንዳይሸጥ ከለከለ። ከሕጉ በፊት የተገዛውን ግን ባለቤቱ ይዞት እንዲቀጥል ፈቀደ። «ያለህን ጠመንጃ አምጣ» የሚል ቃል በሕጉ ውስጥ የለም።

ወሬው ግን ሌላ አለ። ዛሬ ማጣራት፣ ነገ መግፈፍ፣ ከዚያ ወዲያ ባርነት ነው ተባለ። ሕጉን ያነበበው ጥቂት ሰው ነው። ወሬውን የሰማው ብዙ ነው።

ወሬው ጆሮ ያገኘበትም ምክንያት አለ፤ ይህን መሸፋፈን አይገባም። በ1993 መጀመሪያ የመንግሥት ፖሊሶች በቴክሳስ ክፍለ ሀገር፣ በዌኮ ከተማ አጠገብ ወደሚኖር የሃይማኖት ማኅበር ሄዱ። ማኅበሩ ሕገ ወጥ መሣሪያ ይዟል ብለው ሊፈትሹ ነው። ተኩስ ተከፈተ። 4 ፖሊሶችና 6 የማኅበሩ ሰዎች ሞቱ። ከዚያ 51 ቀን ሙሉ ቦታው ተከበበ። በመጨረሻው ቀን መንግሥት በብረት ለበስ መኪና ግድግዳውን እያፈረሰ አስለቃሽ ጢስ አስገባ። ቤቱ በእሳት ተያያዘ። ከ70 በላይ ሰው አለቀ፤ ሕፃናትም ነበሩበት። ኋላ የተደረገው ምርመራ እሳቱን የለኮሱት ከውስጥ የነበሩት ናቸው ብሏል። ይሁን እንጂ ያንን ጢስና ነበልባል በቴሌቪዥን ያየ ሰው ሁሉ ምርመራውን አላመነም። ቀኑስ? ኤፕሪል 19 ነበር።

ከዚያ ወዲያ «ሚሊሺያ» ነን የሚሉ ቡድኖች በየቦታው በቀሉ። ቃሉ እንዳያሳስታችሁ። እኛ ሚሊሺያ የምንለው በመንግሥት ተመዝግቦ የሚታጠቀውን ነው። እነዚያ ግን ራሳቸው ተሰባስበው፣ መንግሥትን ሊከላከሉ ጫካ ገብተው የሚለማመዱ ናቸው። አብዛኞቹ ከመፎከር አልፈው ሰው አልነኩም። መንግሥትን ያሳሰቡት ጥቂቶቹ ናቸው።

ዌኮ በተከበበ ጊዜ አንድ ወጣት ከሩቅ መጥቶ ነበር። በመኪና ላይ የሚለጠፍ፣ የጠመንጃ ሕግን የሚቃወም ወረቀት ይሸጥ ነበር። ስሙ ቲሞቲ ማክቬይ ነው። በ1991 በባሕረ ሰላጤው ጦርነት የተዋጋ ወታደር ነበር። በ1995 ይህ ሰው በኪራይ ካሚዮን ፈንጂ ጭኖ በኦክላሆማ ሲቲ ከተማ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ደጃፍ አቆመ። 168 ሰዎች ሞቱ። ቁጥሩን ደግማችሁ አንብቡት። ከእነዚህ ውስጥ 19ኙ ልጆች ነበሩ፤ በሕንፃው ውስጥ የልጆች መዋያ ነበረና። ይህም የሆነው ኤፕሪል 19 ቀን ነው። ማክቬይ ቀኑን የመረጠው አውቆ ነው። የዌኮን ደም እመልሳለሁ ያለ ሰው የሌላ ሰው ሕፃናት ገደለ። በ2001 በሞት ተቀጣ።

የጠመንጃ ባለቤቶች ማኅበር ከፍንዳታው ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ለአባሎቹ ደብዳቤ ጽፎ ነበር። ደብዳቤው የመንግሥትን ፖሊሶች የናዚ ወታደር አስመስሎ ያሳያል። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ የማኅበሩ የዕድሜ ልክ አባል ነበሩ። በፍንዳታው ከሞቱት አንዱ ቀድሞ እሳቸውን ይጠብቅ የነበረ ሰው ነው። ደብዳቤውን ባዩ ጊዜ አባልነታቸውን ተዉ።

የ1994ቱ ሕግ የ10 ዓመት ዕድሜ ነበረው፤ በ2004 ሳይታደስ ቀረ። ፍርሃቱ ግን ከሕጉ በላይ ኖረ። በ2009 ባራክ ኦባማ ሥልጣን ሲይዙ አዲስ ክልከላ ይመጣል ተብሎ ተወራ። ኤፕሪል 4 ቀን በፒትስበርግ ከተማ መሣሪያዬን ሊነጥቁኝ ነው ብሎ የሚያምን ሰው 3 ፖሊሶችን ገደለ። ከሦስት ቀን በኋላ የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት አንድ የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ አወጣ። የጠመንጃ ክልከላ ፍርሃት አክራሪዎች ሰው እንዲመለምሉ ይረዳቸዋል፤ ከጦር ሜዳ የተመለሱ ወታደሮችንም ሊያባብሉ ይፈልጋሉ ይላል። ይህ በተሰማ ጊዜ ብዙ ሰው ተቆጣ። ለአገሩ የቆሰለ ወታደር «እኔን ነው የምትጠረጥሩኝ?» ቢል አይፈረድበትም። ሚኒስትሯ ጃኔት ናፖሊታኖ ይቅርታ ጠየቁ፤ ጽሑፉም ተነሣ። በእኔ አስተያየት አደጋው የታየው በትክክል ነው፤ ጥፋቱ ከአጻጻፉ ነው። ጥቂቱን ለማመልከት ብዙውን ነካ።

በ2020 የሆነውን አይተን እናቁም። በቨርጂኒያ ክፍለ ሀገር አዲስ የጠመንጃ ሕግ ሊወጣ ነበር። ብዙ ወረዳዎች ሕጉን አንቀበልም የሚል ውሳኔ አሳለፉ። ጃንዋሪ 20 ቀን በሪችመንድ ከተማ ትልቅ ሰልፍ ተጠራ። አገረ ገዥው ራልፍ ኖርዛም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አውጀው በምክር ቤቱ ግቢ መሣሪያ እንዳይገባ ከለከሉ። ሰልፉን ግን አልከለከሉም። በዚያው ሰሞን ፖሊስ በሰልፉ ላይ ደም ለማፋሰስ አስበዋል ያላቸውን 3 ዘረኞች ያዘ። በቀኑ 22,000 ያህል ሰው ወጣ። 6,000 ያህሉ መሣሪያውን ትቶ ተፈትሾ ወደ ግቢው ገባ። የቀረው ጠመንጃውን አንግቶ ከአጥሩ ውጭ ቆመ። ጮኸ፣ ፈከረ፣ ወደየቤቱ ሄደ። አንዲት ጥይት አልተተኮሰችም። ሕጎቹ በኤፕሪል ወር ተፈረሙ።

እስከሚቀጥለው ንግግር ደኅና ሁኑ።