ለጭነት መኪና የታሰበው መሪ

በ1950ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተሠራች የአሜሪካ ፒክአፕ ውስጥ የገባ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው መሪው ላይ ነው። እስከ 18 ኢንች የሚሰፋ፣ ቀጭንና ደረት ሊነካ የሚደርስ መሪ ነው። ፋብሪካው ያሰፋው ለማማር ብሎ አይደለም። መሪው በሰፋ ቁጥር የሾፌሩ ክንድ ጉልበት ይበረታል፤ በመሪው ሳጥን ውስጥ ያሉት ጥርሶች ደግሞ ያንኑ ጉልበት እንደገና ያበዙታል። በምትኩ ሾፌሩ መሪውን ደጋግሞ ማዞር አለበት። መኪናዋ እየሄደች ከሆነ ይህ ብዙም አያስቸግርም። ቆማ ጎማዋን ማዞር፣ ጠባብ ቦታ ወደ ኋላ መግባት፣ ጭነት ይዞ መታጠፍ ሲመጣ ግን ትከሻ ይፈተናል። በአገራችን የድሮ ላንድክሩዘር የነዳ ሰው ይህን ሌላ ሰው እንዲያስረዳው አይፈልግም።

ዛሬ በአሜሪካ የድሮ ፒክአፕ የሚያድሱ ብዙ ሰዎች ይህን ከባድ መሪ አውልቀው በዘይት ግፊት የሚታገዘውን ፓወር ስቲሪንግ ይተክላሉ። ድርጊቱን የማይወዱም አሉ፤ መኪና ከፋብሪካ እንደወጣች መቆየት አለባት ይላሉ። ክርክሩ የቆየ ነው፤ ለአሮጌ መኪና ካለ ፍቅር የሚነሣ በመሆኑም ሊከበር ይገባዋል። የፓወር ስቲሪንግ ታሪክ ግን ለለዋጮቹ ያደላል፤ ነገሩ ከጅምሩ የታሰበው ለጭነት መኪና ሾፌር ነበርና።

ፍራንሲስ ዴቪስ በ1910 ከሃርቫርድ ተመርቆ በቡፋሎ ከተማ ፒርስ አሮው የተባለው መኪና ፋብሪካ ገባ፤ ቆይቶም የጭነት መኪና ክፍሉ ዋና መሐንዲስ ሆነ። ፋብሪካው በቅንጡ የቤት መኪናዎቹ የታወቀ ነበር፤ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ደግሞ ለተባባሪዎቹ ኃይሎች ከባድ የጭነት መኪናዎች ያቀርብ ነበር። ዴቪስ ሾፌሮች ከእነዚያ መኪናዎች መሪ ጋር ሲታገሉ በየዕለቱ ያይ ነበር። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ሥራውን ለቅቆ በማሳቹሴትስ ግዛት ዋልታም ከተማ አነስተኛ ወርክሾፕ ከፈተ። ጆርጅ ጄሰፕ የሚባል እጀ ብልህ መሣሪያ ሠሪ አብሮት ሠራ።

የዴቪስ ብልሃት የተገለጠው ቫልቩ ላይ ነው። በጊዜው የነበሩት የሃይድሮሊክ መሣሪያዎች ዘይቱን ሁልጊዜ ታምቆ እንዲቆይ ያደርጉ ስለነበር በየመገጣጠሚያው ይፈስ ነበር። እሱ ነገሩን ገለበጠው። ሾፌሩ ቀጥ ብሎ ሲነዳ ዘይቱ ከፓምፑ ወጥቶ ያለ ምንም ግፊት ተመልሶ ይገባል። መሪው ወደ አንድ ወገን ሲዞር ብቻ ቫልቩ መንገዱን ያጠባል፤ ግፊቱ በፒስተኑ በአንዱ በኩል ይነሣና ጎማውን ያግዛል። እጅ ሲያርፍ ግፊቱም ያርፋል። በመቶ ዓመት ውስጥ ብዙ ነገር ቢሻሻልም በሃይድሮሊክ የሚሠራ መሪ ባብዛኛው እስከ ዛሬ የቆመው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው።

በ1926 ዴቪስ መሣሪያውን በአንዲት ፒርስ አሮው ላይ ገጥሞ ለዲትሮይት ሰዎች አሳየ። ጄነራል ሞተርስ ወዶት ውል ተፈራረመ፤ ሐሳቡም ካዲላክ ላይ ለማዋል ነበር። ከዚያ ታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ መጣ። ለማምረቻው የሚወጣው ገንዘብ ከሚሸጠው መኪና ቁጥር ጋር አልመጣጠን ብሎ ውሉ በ1934 ተቋረጠ። በ1936 ቤንዲክስ የሚባለው ድርጅት ዴቪስን ይዞ ሥራውን ቀጠለ። ገበያ ያስገኘለት ግን የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው፤ ሸቭሮሌት ለእንግሊዝ ጦር ከሠራቸው ብረት ለበስ መኪናዎች ጀምሮ ከባድ የጦር ተሽከርካሪዎች መሪው ተገጠመላቸው።

ከጦርነቱ በኋላ የዴቪስ ቀደምት የፈጠራ መብቶች ጊዜያቸው አለፈ። ክራይስለር በ1951 ኢምፔሪያል በተባለችው መኪናው ላይ ሃይድራጋይድ ብሎ የሰየመውን መሪ ገጥሞ ለሽያጭ አወጣ። ለሕዝብ በተሸጠ የቤት መኪና ላይ ፓወር ስቲሪንግ ሲገጠም ይህ የመጀመሪያው ነው። ጄነራል ሞተርስም ደንገጥ ብሎ ወደ ዴቪስ ተመለሰ፤ በ1952 ካዲላክ መሪውን አገኘ። የጭነት መኪና ሾፌር ክንድ ያስፈለሰፈው ነገር ሩብ ምዕተ ዓመት ቆይቶ ሲወጣ መጀመሪያ የደረሰው ለባለጠጎች መሆኑ እስካሁን ያሳዝናል።

ፒክአፕ ወረፋ ጠበቀች። ሸቭሮሌት በ1955 ባወጣቸው አዳዲስ ፒክአፖች ላይ ተጨማሪ ለከፈለ ሰው ፓወር ስቲሪንግ ማቅረብ ጀመረ፤ አብዛኛው ገበሬና ነጋዴ ግን ያንን ገንዘብ ለሌላ ነገር ማዋል መረጠ። ስለዚህ ዛሬ ሰብሳቢ የሚሻማባቸው የ1947ቱ ትውልድ ሸቭሮሌቶችና ከ1953 እስከ 1956 የወጡት ፎርድ ኤፍ 100ዎች ባብዛኛው በክንድ ጉልበት የሚዞሩ ናቸው። በዚያ ላይ የድሮዎቹ ጠባብ ጎማዎች በዘመናዊ ሰፋፊ ራዲያል ጎማ ሲተኩ ከመሬት ጋር የሚገናኘው ላስቲክ ይበዛና መሪው ከፋብሪካ ከወጣበት ቀን ይልቅ ይከብዳል።

የለውጡ ጥበብ ተስማሚ የመሪ ሳጥን መፈለግ ላይ ነው። የድሮዋ ኤፍ 100 የፊት አክስል ወጥ ነው፤ በባሌስትራ ላይ የተቀመጠ። የመሪው ሳጥን በግራ ሻንሲ ላይ ይታሰራል፤ ከሳጥኑ የሚወጣው ክንድ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወዛወዛል፤ አንድ ዘንግ ደግሞ የግራውን ጎማ ይገፋል ወይም ይስባል። አብዛኛው የአሜሪካ ዘመናዊ ሳጥን ክንዱ ወደ ጎን የሚወዛወዝ ስለሆነ እዚያ ቦታ አይሆንም። አዳሾቹ መፍትሔውን ከጃፓን አገኙ፤ ከ1979 እስከ 1985 የወጣችው ባለ አራት ጎማ ንዳት ቶዮታ ፒክአፕ የፊት አክስሏ ወጥ ነበር፤ የሳጥኗም ክንድ ልክ እንደ አሮጌዋ ፎርድ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሠራል። ሳጥኑ ትንሽ፣ ጠንካራና ከተጣለ መኪና ላይ የሚፈታ ነው። በ1986 ቶዮታ የፊት እግሩን ስለለወጠ የዚያ ዘመን ሳጥን ለዚህ ሥራ አይመችም።

ደስ የሚለው ነገር ውለታው ወደዚያም ወገን መሄዱ ነው። አሜሪካ ውስጥ የድሮ ላንድክሩዘር 40 የሚያድሱ ሰዎች ደግሞ የቶዮታውን ከባድ መሪ አውልቀው ሳጊኖ የተባለውን፣ በጄነራል ሞተርስ የሚሺጋን ፋብሪካ የተሠራውን ሳጥን ይገጥማሉ። ስካውትና ጂፕ በተባሉት መኪናዎች ላይም ይገኝ ስለነበር በየአሮጌ መኪና ግቢው አይጠፋም። የአሜሪካዋ መኪና በጃፓን ሳጥን፣ የጃፓኗ በአሜሪካ ሳጥን ቀለል ብላ ትነዳለች።

ሥራው ግን በብሎን ማጥበቅ ብቻ አያልቅም። ክንድ ብቻ ሲገፋው የኖረ ሻንሲ አሁን ፓምፕ ሲገፋው ሳጥኑ የታሰረበት ቦታ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ጥሩ ባለሙያ ቦታውን በወፍራም ላሜራ ያጠናክረዋል። ሞተሩ ላይ ለፓምፑ ማሰሪያ፣ ፑሌጃና ቺንጊያ ያስፈልጋል። የፓምፑ ግፊት ከሳጥኑ ፍላጎት ጋር መመጣጠን አለበት፤ በተለይ አንዳንድ አዳሾች በወጡ አክስል ፋንታ በሚተክሉት የፎርድ ሙስታንግ 2 ዓይነት የፊት እግር ላይ ከፍተኛ ግፊት ያለው ፓምፕ ሲገጠም መሪው እጅ ሳይነካው የሚዞር እስኪመስል ይደነብራል። የፊት ጎማዎቹ ፔርኖም ያረጀ ከሆነ አስቀድሞ መለወጥ አለበት፤ ፓወር ስቲሪንግ ልልነቱን ከሾፌሩ እጅ ይደብቀዋል እንጂ አያጠፋውም።

አንድ ለውጥ ደግሞ ከምቾትም በላይ ነው። በእነዚያ ፒክአፖች ላይ የመሪው ዘንግ ከሳጥኑ እስከ ሾፌሩ ደረት ድረስ አንድ ወጥ ብረት ነበር፤ ከፊት ሲጋጩ እንደ ጦር ወደ ኋላ የሚመጣ። ጄነራል ሞተርስ በግጭት ጊዜ የሚታጠፍ የመሪ ዘንግ በስፋት የገጠመው በ1967 ሞዴሎቹ ላይ ነው። አዲስ ሳጥን የሚተክል ሰው ያንን ዘንግ መቁረጡ ስለማይቀር በመሀሉ ክሮቸራ ያስገባል፤ የሚታጠፍ ዘንግም አብሮ ሊገጥም ይችላል። የድሮ ፒክአፕ ልጆቹን አሳፍሮ የሚነዳ አባት ገንዘቡ ለአንድ ለውጥ ብቻ ቢበቃ እንኳ ይህንን ሊያስቀድም ይገባል።

በ1988 ሱዙኪ ሰርቮ በተባለች ትንሽ መኪናው ላይ በኤሌክትሪክ የሚታገዝ መሪ አወጣ፤ ዛሬ ያ ዓይነቱ ወደ አሮጌ ፒክአፖችም ገብቷል። ሞተሩ ከዳሽቦርዱ ሥር ይደበቃል፤ ፓምፕ፣ ጎሚኒና ዘይት አያስፈልገውም፤ ፋብሪካው የገጠመውም የመሪ ሳጥን በቦታው ይቀራል። ሻንሲ መቁረጥ የማይወዱ ባለቤቶች ወደዚህ እያደሉ ነው፤ የሚጠበቅባቸው በ6 ቮልት የሚሠሩትን የድሮ መኪናዎች ወደ 12 ቮልት መለወጥና የቻርጅ አቅማቸውን ማሳደግ ነው።