የባቢሎን ምርኮኞችና የገብስ ግብራቸው

ዳዊት የሚደግም ሰው መዝሙር 136ን የሚያገኘው ቅዳሜ ነው። ሰኞ ከ1 ጀምሮ 30 ላይ ያቆማል፤ እንዲህ እያለ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150 ያደርሳል። በዕብራይስጡ አቆጣጠር ይኸው መዝሙር 137 ነው። ልጅ ሆኜ የኔታ ዘንድ ስማር የምወደው አጭር ስለሆነ ብቻ ነበር። ልቤ የገባው በሰው አገር ኑሮ ከያዝኩ በኋላ ነው።

ሊቃውንቱ ዳዊት ገና ያልመጣውን ምርኮ በትንቢት አይቶ ተናገረው ይላሉ። የታሪክ ተመራማሪዎች ምርኮውን የቀመሰ ሰው ተቀኘው ባይ ናቸው። ክርክሩን ለባለቤቶቹ ልተወው። ምርኮው ራሱ ግን የታወቀ ነው። የባቢሎኑ ንጉሥ ናቡከደነፆር በ597 ዓመተ ዓለም (ከክርስቶስ ልደት በፊት) የይሁዳውን ንጉሥ ዮአኪንን ከነሹማምንቱና ከነአንጥረኞቹ አግዞ ወሰደ፤ ዐሥር ዓመት ገደማ ቆይቶም የኢየሩሳሌምን ቤተ መቅደስ አቃጠለ።

ግጥሙ ውኃ ዳር ተቀምጠው የሚያለቅሱ፣ በገናቸውን ዛፍ ላይ የሰቀሉ ሰዎችን ያሳየናል። ማራኪዎቻቸው የአገራቸውን ዜማ እንዲያሰሟቸው ይጠይቃሉ፤ እነርሱ እምቢ ይላሉ። እኔም እንደ ብዙ ሰው በሰንሰለት የታሰሩ እስረኞች አድርጌ ነበር የማስባቸው።

ከአፈር የወጣው ማስረጃ ሌላ ነገር ይነግረናል። ውኃው ከኤፍራጥስ የተጠለፈ የመስኖ ቦይ ነው፤ ሕዝቅኤል ራእይ ያየበት ኮቦርም በኒፑር አካባቢ ከሚያልፉት አንዱ ነው። ባቢሎን ቤተ መንግሥት ውስጥ በተገኙ የሸክላ ሰሌዳዎች ላይ ለዮአኪንና ለልጆቹ የተሰፈረው የዘይት ድርጎ ተመዝግቧል። ተራው ምርኮኛ ደግሞ የመንግሥት መሬት ተሰጥቶት ያርሳል። አል ያሁዱ፣ ማለትም የይሁዳ ከተማ፣ ከሚባል መንደርና ከአካባቢው 200 ያህል የሸክላ ሰነዶች ተርፈዋል፤ ከ572 እስከ 477 ዓመተ ዓለም ያሉ ናቸው። ገብስና ተምር የተገበረበት፣ መሬት የተከራየበት፣ ብድር የተፈራረሙበት፣ ጋብቻ የታሰረበት ወረቀት በሏቸው። በአንዱ ሰሌዳ ላይ ጸሐፊው የባቢሎኑን ጽሕፈት ጨርሶ ሲያበቃ፣ ሰሌምያ የሚለው የባለጉዳዩ ስም በጥንቱ የዕብራይስጥ ፊደል ተጭሯል።

አሂቃም የሚባል ሰው በእነዚህ ሰነዶች ላይ ደጋግሞ ይመጣል፤ በግብርና በኪራይ ጉዳይ በመንደርተኛውና በሹማምንቱ መካከል የሚገባ ሰው ነው። ሲሞት አምስት ወንዶች ልጆቹ ውርሱን የተካፈሉት እዚያው ባቢሎን ነው። ከልጆቹም የአምላካቸውን ስም በስማቸው የተሸከሙ አሉ።

ግጥሙን ከእነዚህ ደረሰኞች አጠገብ አድርጌ ሳነበው መሐላው ጎልቶ ይታየኛል። ባለቅኔው አገሩን ቢረሳ እጁም ምላሱም እንዲከዱት ይማልባቸዋል። በሰንሰለት የታሰረ ሰው ይህን ያህል መማል ምን ያደርግለታል? ሰንሰለቱ በየጠዋቱ ያስታውሰዋል። መማል ያለበት ገብሱ የያዘለት፣ ልጁን እዚያው የዳረ፣ ከሹሙ ጋር በሹሙ ቋንቋ የሚከራከር ሰው ነው። እኔ በምኖርበት በቨርጂኒያ እንዲህ ያለውን ሰው ፍለጋ ሩቅ አልሄድም፤ የሠላሳ ዓመት የቤት ዕዳ ፈርሞ «ለከርሞ ጠቅልዬ እገባለሁ» የሚል በየማኅበሩ ሞልቷል፤ እኔንም ጨምሮ።

የፋርሱ ንጉሥ ቂሮስ በ539 ዓመተ ዓለም ባቢሎንን ያዘ፤ መመለስም ተፈቀደ። ብዙዎቹ አልተመለሱም። የአል ያሁዱ ሰዎች ከዚያ በኋላም ስድሳ ዓመት ያህል ግብር ሲከፍሉ እናያቸዋለን።

ግጥሙ በሰው እጅ ብዙ ዞሯል። ጃማይካውያኑ ሜሎዲያንስ እ.ኤ.አ. በ1970 ዘፈን አደረጉት፤ ለራስ ተፈሪያን ባቢሎን የነጩ ሥርዓት፣ ጽዮን ደግሞ እኛ ጥለናት የወጣናት ኢትዮጵያ ነች። በ1978 ቦኒ ኤም ሲዘፍኑት ዓለም ጨፈረበት። በገና ሰቅለው እምቢ ያሉበት ዜማ ዳንስ ቤት ገባ ማለት ነው።

ዘፈኑ የመዝሙሩን መጨረሻ አይነካም፤ አይፈረድበትም። ባለቅኔው በኤዶማውያን ላይ ከፈረደ በኋላ የባቢሎን ሕፃናት በድንጋይ ላይ እንዲፈጠፈጡ ይመኛል። የጥንት የቤተ ክርስቲያን ተርጓሚዎች ሕፃናቱን ገና ሲጸነስ ሊጠፋ የሚገባው ክፉ ሐሳብ፣ ድንጋዩን ክርስቶስ አድርገው ፈተውታል። መንፈሳዊ ትርጓሜውን አከብራለሁ፤ የሰውየው ቁጣ ግን የእውነት ቁጣ ይመስለኛል። ሰቆቃወ ኤርምያስን ያነበበ ከየት እንደመጣ አይጠፋውም፤ ከተማዋ ተከባ በረሃብ ስታልቅ የኢየሩሳሌም ሕፃናት ምን እንደደረሰባቸው እዚያ ተጽፏል።