ሐራጅ፦ ከቁራኛ እስከ ሲፒኦ

በኩር ጋዜጣን የሚገዛ ሁሉ ለዜናው ብሎ የሚገዛ እንዳይመስላችሁ። ከዜናው በፊት የጨረታውን ገጽ የሚገልጥ አንባቢ አለ። እዚያ ገጽ ላይ ዜማቸው አንድ የሆነ ማስታወቂያዎች ተደርድረዋል፦ የአፈጻጸም ከሳሽ እገሌ፣ የአፈጻጸም ተከሳሽ እገሊት፤ በወልድያ ከተማ በዚህ ቀበሌ፣ በምሥራቅ መንገድ፣ በምዕራብ እከሌ፣ በሰሜን እከሊት የሚያዋስኑት ቤት፣ የመነሻ ዋጋው ይህን ያህል ሆኖ ከጠዋቱ 3፡00 እስከ 6፡00 ሰዓት በሐራጅ ይሸጣል። አለቀ። አንድ ሰው ዕድሜ ልኩን የገነባው ቤት በስድስት መስመር ተጠቃሎ ቁጭ!

ታዲያ ዛሬ ዛሬ ትንሽ ጥሪት የያዘ ወጣት ሁሉ «ሐራጅ ላይ ቤት ርካሽ ነው አሉ» ማለት ጀምሯል። ወልድያ ይሁን መርሳ፣ ደሴ ይሁን አዲስ አበባ፣ ወሬው ያው ነው። እውነት ርካሽ ነው? አንዳንዴ አዎ። ግን ለምን ርካሽ እንደሆነ ለማወቅ ጥቂት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። የሐራጅ ታሪክ የዕዳ ታሪክ ነውና።

መያዣው ሰው የነበረበት ዘመን

ድሮ በአገራችን ተበዳሪ ሲያቅተው የሚያዘው ቤቱ ብቻ አልነበረም፤ ራሱም ይያዝ ነበር። አበዳሪና ተበዳሪ በሰንሰለት ይቆራኛሉ፤ ወይም የኩታቸው ጫፍና ጫፍ ይቋጠርና አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይውላሉ። ዕዳው ተከፍሎ ወይም ዋስ ተገኝቶ እስኪላቀቁ ድረስ ማለት ነው። ይህ ቁራኛ ይባላል። ሥርዓቱ ቢቀርም ቃሉ ዛሬም አፋችን ላይ አለ፤ «በዓይነ ቁራኛ ጠብቀው» ስንል ሰንሰለቱን ወደ ዓይን አዛወርነው እንጂ አልጣልነውም።

ልብ በሉ፣ በቁራኛ የተያዘው አበዳሪም ጭምር ነው! ገንዘቡን ሊያስመልስ ብሎ ቀኑን ሙሉ ከባለዕዳው ጋር ይንከራተታል። ጨካኝ ሥርዓት ነበር። ቢሆንም አበዳሪው የተበዳሪውን ፊት ሳያይ ዕዳ መሰብሰብ አይችልም ነበር። ዛሬ ይህ ፊት ለፊት መተያየት በጋዜጣ ማስታወቂያ ተተክቷል።

ወለድ አገድ

ገጠር ስንገባ ዋናው መያዣ መሬት ነበር። የአያቶቻችን ቃል ወለድ አገድ ይባላል፤ ስሙ ራሱ ሥራውን ይናገራል። ገበሬው ይበደራል፤ አበዳሪው ወለድ አይቆጥርም፤ በወለዱ ፈንታ መሬቱን ይዞ ያርሳል፣ ምርቱን ይበላል። ዋናው ብር ግን አንድ ሳንቲም አይጎድልም። ተበዳሪው ዋናውን በአንድ ጊዜ አምጥቶ እስኪቆጥር ድረስ መሬቱ እዚያው ነው።

ነገሩን አስቡት። መሬቱን የሰጠ ገበሬ ዕዳውን የሚከፍለው በምን አርሶ ነው? ዝናብ በቀረ ዓመትማ ጥያቄው መልስ የለውም። እንደ ሐብሩ ባለ ቆላና ወይና ደጋ በተቀላቀለበት አገር ዝናብ አንድ ዓመት ሲያጓድል ብድር ይመጣል፤ ሁለተኛ ዓመት ሲደግም መሬቱ ይሄዳል። በ1940 ዓ.ም የየጁ ገበሬዎች ባመጹ ጊዜ ከጥያቄያቸው ዋነኛው የመሬት ነገር ነበር። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም ረሃብ ወሎን ሲያራቁት ደግሞ መሬት ያለውና የሌለው፣ ያስያዘውና ያላስያዘው ሰው ልዩነት የመኖርና ያለመኖር ሆነ።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ወለድ አገድን አልሻረውም፤ እንዲያውም ሥርዓት አበጀለት። የሻረው የየካቲት 1967ቱ አዋጅ ቁጥር 31 ነው። የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ፤ መሸጥ፣ መለወጥ፣ ማስያዝ፣ ወለድ አገድ መስጠት ሁሉ ተከለከለ።

ጦሩና ሐራጁ

ሐራጅ የሚለውን ቃል ያገኘነው ከዐረብኛ ነው፤ እዚያም ትርጉሙ ያው የአደባባይ ሽያጭ ነው። ሮማውያን ደግሞ በመንግሥት የሚሸጥ ንብረት ካለ አደባባይ ላይ ጦር ይተክሉ ነበር። ጦሩ የሥልጣን ምልክት ነው፤ የሚሸጠው ባለቤቱ ሳይሆን ሕግ ነው ማለት ነው።

የእኛም ሕግ መጀመሪያ ያሰበው ይህንኑ ነበር። በ1952ቱ ሕግ አበዳሪ «ካልከፈልከኝ ቤትህን ራሴ እሸጣለሁ፣ ወይም እወስዳለሁ» ብሎ ቢዋዋል ውሉ ዋጋ የለውም። ፍርድ ቤት መሄድ፣ ማስፈረድ፣ ከዚያም በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት በሐራጅ ማስሸጥ ግድ ነው። ጦሩን የሚተክለው ዳኛ ብቻ ነበር።

ከዚያ ሐምሌ 1967 መጣ። አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን ወረሰ። አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት፤ ማከራየት የመንግሥትና የቀበሌ ሥራ። እንግዲህ «ቤት ገዝቼ አከራያለሁ» የሚል ኢንቨስተር በዚያ ዘመን ከየት ይምጣ? ሐራጅ በሕግ መጽሐፍ ውስጥ ቢኖርም ለትርፍ የሚገዛው ሰው ጠፋ።

97/90

በ1986 ዓ.ም የግል ባንኮች ሲፈቀዱ ብድርም መያዣም ተመለሰ። ባንኮቹ ግን አንድ ነገር ያማርሩ ነበር፦ ፍርድ ቤት ዓመታት ይፈጃል። መልሱ በ1990 ዓ.ም መጣ፤ አዋጅ ቁጥር 97። ባንክ ከተበዳሪው ጋር በጽሑፍ እስከተስማማ ድረስ፣ ዕዳው ሳይከፈል ሲቀር ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ያለ ፍርድ ቤት መያዣውን በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ሥርዓቱን ጥሶ ጉዳት ካደረሰ ይጠየቃል። በ1992 ዓ.ም አዋጅ ቁጥር 216 ጨመረበት፦ በሁለተኛው ሐራጅም ገዢ ከጠፋ ባንኩ ንብረቱን በመጀመሪያው ሐራጅ መነሻ ዋጋ ራሱ ሊወስደው ይችላል።

ጦሩ ከዳኛው እጅ ወደ አበዳሪው እጅ ተሻገረ። ለባንኩ ፍጥነት ነው፤ የአስቀማጩም ገንዘብ ነውና ክርክሩ ከንቱ አይደለም። ለተበዳሪው ግን በወለድና በቤቱ መካከል 30 ቀን ብቻ ቀረ።

እንግዲህ ልግዛ ለምትሉ

መጀመሪያ ምን እንደምትገዙ እወቁ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም። የምትገዙት ቤቱንና የይዞታ ወይም የሊዝ መብቱን ነው። ያልተከፈለ የሊዝ ክፍያ አለ? የስም ማዛወሪያውንና ግብሩን የሚከፍለው ማነው? ማስታወቂያው ላይ በትንሽ ፊደል የተጻፈው ይህ ነው።

ሁለተኛ፣ ጥሬ ገንዘብ። በፍርድ ቤት ሐራጅ አሸናፊው ያሸነፈበትን ዋጋ 1/4ኛ ወዲያው እንዲያስይዝ ይጠየቃል። በባንክ ሐራጅ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የመነሻውን ዋጋ 1/4ኛ በሲፒኦ ይዞ መቅረብ ነው። ቀሪው በአጭር ቀነ ገደብ ይከፈላል። «ዘመድ ያበድረኛል» ብሎ ሐራጅ የገባ ሰው ያስያዘውን ሊያጣ ይችላል።

ሦስተኛ፣ ክርክር። የጋራ ቤትን ለማስያዝ የባልና የሚስት የሁለቱም ፈቃድ ያስፈልጋል። አንዱ ሳያውቅ ተይዞ ከነበረ ጉዳዩ ከሐራጁ በኋላም ሊቀሰቀስ ይችላል። «ቤቱ የእኔ እንጂ የባለዕዳው አይደለም» የሚል ሦስተኛ ወገንም በሥነ ሥርዓቱ ሕግ አንቀጽ 418 ይመጣል። ቤቱ ውስጥ ሰው አለ፤ ማስወጣቱም ሌላ ጣጣ ነው። እንግዲህ ርካሽነቱ የዚህ ሁሉ ስጋት ዋጋ ነው።

ይሉኝታና ዋጋ

አሁን ወደሚከብደው እንምጣ። ወልድያና መርሳ አዲስ አበባ አይደሉም። ማስታወቂያው ላይ «በምዕራብ እከሌ» የተባለው ሰው የባለዕዳው የዕድር ወንድም ነው። ቤቱን ሊገዛ አቅሙም ፍላጎቱም ያለው ብዙ ጊዜ እሱ ነው፤ ይሉኝታ ይዞት ግን አይሄድም። «በሰው መከራ ቤት ገዛ» እንዳይባል። በዚህ ላይ ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 በጦርነት ያለፈችበትን አስቡ። ሱቁ የተዘረፈበት ነጋዴ ዕቃው ጠፋ እንጂ የብድር ውሉ አልጠፋም። እንዲህ ያለው ሰው ስሙ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ማን ደፍሮ እጁን ያወጣል?

ይሉኝታው መልካም ነው፤ ስሌቱ ግን የተሳሳተ ይመስለኛል። ቤቱ ሲሸጥ ዕዳውና ወጪው ተከፍሎ የተረፈው ለባለዕዳው ይመለሳል። ካልበቃ ደግሞ ቀሪው ዕዳ ይከተለዋል። ስለዚህ ዋጋው በወረደ ቁጥር የሚጎዳው ባንኩ ሳይሆን ያ ያዘንለት ጎረቤት ነው። ደህና ተጫራቾች በይሉኝታ ሲቀሩ ሜዳውን ማን ይይዘዋል? በር ላይ ተማክረው «አንተ ግዛ፣ እኔ ዝም ልበል፣ በኋላ ትሰጠኛለህ» የሚባባሉት። ከባለዕዳው ኪስ የሚሰረቀው ያኔ ነው።

ስለዚህ የኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ ሐራጅ ላይ መጫረት ነውር አይደለም፤ ተመሳጥሮ ዋጋ መስበር ግን ነውር ነው። ትክክለኛ ዋጋ የሚሰጥ ገዢ ለባለዕዳው ከሚያዝንለትና ቤቱ ከሚቀር ጎረቤት ይበልጥ ይጠቅመዋል። ከሐራጁ በፊት ማለትም በ30 ቀኑ ውስጥ ቀርቦ «እኔ ልግዛህና ዕዳህን ዝጋ» የሚል ደግሞ ከሁለቱም ይበልጣል። በባንኩ ፈቃድ በስምምነት የተሸጠ ቤት ስም ጋዜጣ ላይ አያወጣም።

ለመሰናበቻ አንድ ነገር። የአማራ ክልል በ2009 ዓ.ም ባወጣው የተሻሻለ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252 ገበሬው የመጠቀም መብቱን ለተወሰነ ጊዜ አስይዞ ከገንዘብ ተቋም እንዲበደር ተፈቅዷል። መሬቱ አይሸጥም፤ ካልከፈለ አበዳሪው ለጊዜው ይጠቀምበታል። ለሐብሩ ገበሬ ይህ ሥራ ማስኬጃ ነው፤ በዘር ጊዜ ከአራጣ አበዳሪ ያድነዋል። ግን ነገሩን ደግማችሁ አንብቡት፤ አያቶቻችን ቢሰሙት ስሙን ወዲያው ይነግሩን ነበር። ልዩነቱ አሁን የጊዜ ገደብ መኖሩ ነው። ያን ገደብ የሚጠብቅለት ሰው ካጣ ገበሬው የሚመለሰው ወደ ድሮው ነው።

ቸር እንሰንብት!