ስውር እይታ
ስውር እይታ በአንጎል የኋላ ክፍል ያለው ቀዳሚ የእይታ ቅርፊት የተጎዳበት ሰው «አላይም» እያለ፣ በዓይኑ ፊት ላለው ነገር ተገቢ ምላሽ የሚሰጥበት ሁኔታ ነው። ስያሜውን ያስለመደው የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሎውረንስ ዋይስክራንትዝ ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀው እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው ማስረጃ ነው። ሁለት ጊዜ ስትሮክ መትቶት የሁለቱንም ወገን የእይታ ቅርፊት ያጣ፣ በበትር የሚሄድ ሰው፣ ዕቃ በተበታተነበት ኮሪደር ያለ በትር እንዲያልፍ ተጠየቀ። ዕቃ መኖሩን የነገረው የለም። አንዱንም ሳይነካ እየተጠማዘዘ አለፈ፤ መሰናክል ማለፉን ግን ራሱም አላወቀም። ማለፍ የቻለው የዓይን መልእክት ወደ መካከለኛው አንጎል በሚወስዱ ሌሎች መንገዶችም ስለሚጓዝ ነው።

ትኩረትም ከማወቅ ይለያል፤ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣ ጥናት ሌላ ታማሚ፣ ጠቋሚ ምልክት ትኩረቱን ሲመራለት፣ አየሁ ለማይለው ዒላማ ፈጥኖ ምላሽ ሰጥቷል።