የጎጃም ገበሬና የ1960ው ግብር

በ1960 ዓ.ም. አዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ጎጃም ሲደርስ ገበሬው ቀድሞውኑ ተማሮ ነበር። ጠቅላይ ግዛቱን የሚያስተዳድሩት ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ነበሩ፤ በዘመናቸው መዋጮ በመዋጮ ላይ ተደራርቦ፣ ሹማምንቱም በጉቦ ይታሙ ነበር።

ገማቾች ማሳውን አይተው የምርቱን ልክ ሲመዘግቡ ባለርስቱ የታየው ሌላ ነው፦ ዛሬ ግምት፣ ነገ ቃላድ (የመሬት መለኪያ ገመድ)፣ ከነገ ወዲያ ከርስት መነቀል። ስጋቱ ከንቱ አልነበረም፤ በደቡብ ቃላድ ተጥሎ ስንቱ ገበሬ በገዛ መሬቱ ጭሰኛ ሆኖ ቀርቷል።

የጎጃም አውራጃዎች ሞጣና ቢቸና ሸፈቱ።

መንግሥት ጦር ላከ፤ አውሮፕላንም መንደር ደበደበ። አመጹ ግን አልበረደም። በመጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ ውዝፉን ግብር ማሩ፤ ገዥውንም አነሡ። የሚያሳዝነው፣ ጎጃም አልገዛም ያላቸው ሰው ከፋን እንዲገዙ መሾማቸው ነው።