ስም የሌለው ልጓም ያዥ

ከኮልፌ ተነሥቶ በአስኮ በኩል የአምቦን መንገድ የያዘ ሰው ሆለታ ሳይደርስ ታጠቅ ጦር ሠፈርን ያገኛል። በ1969 ዓ.ም. ያ ሁሉ ሚሊሺያ የሠለጠነበት ሠፈር ነው። ታጠቅ ሲባል ብዙዎቻችን የወታደር ትእዛዝ ብቻ ይመስለናል፤ ቃሉ ግን ከዚያ ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞ የፈረስ ስም ነበረ። ዐፄ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ» የተባሉት በፈረሳቸው ነው። ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፤ ሁሉም እንዲሁ። የራስ መኰንን ፈረስ ቃኘውማ በ1943 ዓ.ም. ባሕር ተሻግሮ ኮሪያ ዘምቷል፤ ሻለቃው የተሰየመው በእሱ ስም ነዋ!

እንግዲህ የፈረሱን ስም እናውቃለን፤ የጌታውንም እናውቃለን። ሣር ያጨደለት፣ ጭቃውን ያራገፈለት፣ ኮቴውን የፈተሸለት፣ ሌሊት አብሮት ያደረውስ ማን ይባላል? ዜና መዋዕሎቻችን ኮርቻ ላይ ያለውን ሰው ቀና ብለው እያዩ የተጻፉ ስለሆኑ፣ መሬት ላይ ቆሞ ልጓም የያዘው አብዛኛውን ጊዜ ከገጹ ውጪ ይቀራል። አለቃው እንኳ ማዕርግ ነበረው፤ የንጉሥ ፈረሶች ሹም ባልደራስ ይባል ነበር። (ዛሬ ባልደራስ ሲሉን ትዝ የሚለን ኮንዶሚኒየሙ ነው፤ ይሁን።) ከባልደራሱ በታች ያለው ግን ያው «አሽከር» ነው፣ አለቀ።

የዚህ አሽከር ሥራ ምን ያህል እንደ ነበረ ለማወቅ የዘመቻን ጉዞ ማሰብ ይበቃል። በጦር ፈረስ መንገድ አይኬድበትም ነበር። ጌታው በበቅሎ ይጓዛል፤ ፈረሱ ኃይሉ ለጦርነቱ ቀን እንዲቆይለት ሰው ሳይቀመጥበት በአሽከር እየተሳበ ይከተላል። የዐድዋ ዘመቻ ከአዲስ አበባ የተነሣው በጥቅምት 1888 ዓ.ም. ነው፤ ጦርነቱ የሆነው የካቲት 23 ቀን ነው። ያን አራት ወር ተኩል የሚያህል ዳገትና ቁልቁለት፣ ገመድ በእጁ ይዞ፣ አጠገቡ ያለውን ፈረስ አንድ ቀን ሳይቀመጥበት በእግሩ የሄደ ሰው አለ ማለት ነው። ማታ ጌታው ድንኳን ሲገባ የእሱ ሥራ ገና ይጀመራል። ውኃ ያጠጣል፣ ግጦሽ ይፈልጋል፣ ጀርባ ያሻል፣ እግር ይዳስሳል። የካቲት 23 ጧት ፈረሱ አንክሶ ቢገኝ ኖሮ ያ ሁሉ ፉከራ በምን ይታጀብ ነበር?

ታዲያ ይኼ ዕውቀት ቀላል ይመስለን ይሆናል። እኔም ይመስለኝ ነበር፤ አየር ጤና ላይ አንድ ባለጋሪ እስኪጮኽብኝ ድረስ። ያን ጊዜ በውስጥ ለውስጡ መንገድ የፈረስ ጋሪ ይሠራ ነበር። ማለዳ ነው፤ ፈረሱ ገና ጋሪ አልገባም። ከኋላው ቀርቤ መታ መታ ላደርገው እጄን ስዘረጋ፦

«አንተ ልጅ! ከኋላው ትመጣበታለህ? ሌባ ነህ እንዴ?»

አፈርሁ። ሰውዬው ግን ተቆጥቶ አልተወኝም፤ አስተማረኝ። የፈረስ ዓይን በግራና በቀኝ ስለሆነ ዙሪያውን ሁሉ ያያል ማለት ይቻላል፤ የማያየው ልክ ከጭራው በስተኋላ ያለውንና ከአፍንጫው ሥር ያለውን ነው። ስለዚህ በትከሻው በኩል፣ እያናገሩት ይቀርቡታል። «መጀመሪያ ድምፅህን ይስማ፣ ከዚያ እጅህን» አለኝ። ጆሮውን ወደ ኋላ ከለጠፈ መቆም ነው። ገመዱን በእጅ ላይ መጠምጠም ክልክል፤ ደንብሮ ከሮጠ እጅህን ይዞት ይሄዳላ! ገመዱ ይታጠፍና መካከሉ ይጨበጣል።

ከዚያ አንድ እፍኝ ጭድ ጠቅልሎ ከአንገት ጀምሮ ወደ ኋላ ይፈትገው ገባ። የደረቀ ጭቃ መጀመሪያ በክብ በክብ እየታሸ ይላቀቃል፤ ቀጥሎ በጠጉሩ አወራረድ ይጠረጋል። ቀበቶና ኮርቻ የሚያርፍበትን ቦታ ደግሞ በመዳፉ እየዳሰሰ ደጋገመው። እዚያ የቀረች አንዲት የጭቃ ቅንጣት ማታ ቁስል ሆና ትገኛለች። ሁሉም ባለጋሪ እንደ እሱ ነው አልልም፤ ትከሻው ተልጦ ዝንብ የወረረው፣ ከአቅሙ በላይ የተጫነ ፈረስ በዚያው መንገድ ስንት አይተናል!

ኮቴው ላይ ሲደርስ ፊቱን ወደ ጭራው አዙሮ ከፊት እግሩ በስተውጪ ትከሻው አጠገብ ቆመ። እጁን ከላይ እስከ ታች አንሸራትቶ ጠቅ ሲያደርገው ፈረሱ እግሩን ራሱ አነሣለት። ጫፉ በተቆለመመ ብረት ከተረከዙ ወደ ፊት ጠጠሩን አወጣለት፤ በመካከል ያለችውን ለስላሳ ሦስት ማዕዘን ግን ሳይነካ።

ኋላ ሳነብ የግሪኩ ክሴኖፎን፣ የዛሬ 2,400 ዓመት ገደማ ስለ ፈረስ በጻፈው መጽሐፍ፣ ይህንኑ አቋቋም አገኘሁት። የፈረስ አሽከር ፊቱን ከፈረሱ ተቃራኒ አዙሮ በትከሻው በኩል ይሁን፣ አለዚያ ጉልበቱና ኮቴው ፊቱን ይመታዋል ይላል። በቁጣ ሆኖ ፈረስን መቅረብንም አጥብቆ ይከለክላል። ከእሱም ሺህ ዓመት ቀድሞ ኪኩሊ የሚባል የሚታኒ ሰው የፈረስ አሠለጣጠንን በሸክላ ጽላት አስጽፏል፤ ጽሑፉን የሚጀምረውም ስሙንና ሥራውን በመናገር ነው። ብልህ ሰው! ስሙን አስቀድሞ ባያስጽፍ ኖሮ እሱም እንደ ዐድዋው ልጓም ያዥ ይቀር ነበር። የእኛው ዕውቀት ከአፍ ወደ ጆሮ፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ የኖረ ነው፤ የሚጽፈው ጸሐፊ ደግሞ ዓይኑ ኮርቻው ላይ ነበር። ማንን እወቅሳለሁ? እኔው ራሴ ይህን ሁሉ ተምሬ የባለጋሪውን ስም አልጠየቅሁትም። የጠየቅሁት የፈረሱን ነው።

«ጋሼ፣ ፈረሱ ማን ይባላል?»

«ዳማ።»

«ስሙ ነው ወይስ መልኩ?»

«ሁለቱም» አለና ገመዱን አቀበለኝ፤ «ያዝልኝ፣ ሻይ ጠጥቼ መጣሁ።» ሳልጠመጥም አጥፌ ያዝሁ። ዳማ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ክንዴን አሸተተኝ።